የዓሣ ውሃና የሠራተኛ እጅ፦ ከሰበታ ኩሬዎች እስከ ጨዋማው ገንዳ

ዓሣ ወደሚኖርበት ውሃ በየዕለቱ የሚገባው የሰው አካል እጅ ነው። ኩሬ የሚያጸዳ፣ መረብ የሚጎትት፣ የመስታወት ገንዳ የሚወለውል፣ ማጣሪያ የሚያጥብ፣ የሞተ ዓሣ የሚያነሣ ሁሉ በእጁ ይሠራል። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም በውስጡ ባክቴሪያ አለ፤ እሾህና መርዝ ያላቸው እንስሳት አሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ለማከሚያ የተጨመሩ ኬሚካሎች አሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሰውን የሚጎዱት በእጅ በኩል አልፈው ነው። ጉዳቱን የሚከላከለው ዕቃ ውድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ዕውቀትም በአንድ ጉባኤ ተነግሮ ያልቃል። ሆኖም ይህ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ለሠራተኛው የሚደርሰው ከቆሰለ በኋላ ነው። እጁ እንጀራው ለሆነ ሰው ግን ከጉዳት በፊት ሊነገረው ይገባል።

በኢትዮጵያ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት ጨዋማ ገንዳ ጥቂት ነው፤ ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ጨውና መሣሪያውም ከውጭ የሚገባ ነው። የዓሣ ውሃ ሥራ ግን ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሰበታ፣ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል። እዚያ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ በኩሬና በገንዳ ይረባሉ፤ የዓሣ ጫጩቶች ይፈለፈላሉ፤ ኩሬ ለቆፈሩ ገበሬዎችም ይከፋፈላሉ። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ አለ፤ ለአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ቀደምቱ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ያለች፣ ሜዳዋ ረግረግና መስክ የሆነ፣ ላም የሚታለብባትና ውርጭ የሚወርድባት አገር ናት። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት በእነዚህ ከተሞች ኩሬ ወይም ገንዳ ላይ ለሚሠራም፣ በአዲስ አበባ ቤት ወይም ሆቴል ጨዋማ ገንዳ ለሚጠብቅም ያገለግላል። እጁ ያው እጅ ነው፤ በጨው ውሃ አደጋው በዓይነትም በመጠንም ይጨምራል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቆዳው ራሱ ነው። ጤናማ ቆዳ ባክቴሪያ አያሳልፍም። የሚያሳልፈው የተሰነጠቀ፣ የተፋቀ ወይም ውሃ ጠጥቶ የራሰ ቆዳ ነው። እጅ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ይለሰልሳል፣ በትንሽ ነገርም ይላጣል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ይህ ጨው እጅ ላይ ሲደርቅ እርጥበቱን ከቆዳ ይመጥጣል፤ በየቀኑ ሲደጋገም እጅ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ጨው በሌለው ውሃ ኩሬ የሚሠሩም ከጨው አያመልጡም፤ የታመመ ዓሣ በጨው ውሃ መንከር የተለመደ ሕክምና ነውና።

በደጋው ብርዱ ሌላ ችግር ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሱሉልታ ወይም በሰበታ ኩሬ ውስጥ የገባ እጅ ቶሎ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ መቆረጡን አያውቅም፤ ሠራተኛው ቁስሉን የሚያየው ከውሃው ወጥቶ እጁ ሲሞቅ ነው። በዚህ ላይ የብዙ ሠራተኞች እጅ ወደ ኩሬው የሚደርሰው ድንች ቆፍሮ፣ አጥር አጥሮ፣ ወይም ላም አልቦ ነው፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ ነው። ኩሬው ደግሞ የዶሮ ኩስ ወይም እበት የሚጨመርበት ከሆነ፣ ይህም ለዓሣው ምግብ የሚሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት እንዲበዙ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ውሃው ከእንስሳት አንጀት የመጡ ባክቴሪያዎችንና የቴታነስን ዘር ሊይዝ ይችላል።

በዓሣ ውሃ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች በእጅ ሥራ ለሚተዳደር ሰው በተለይ መታወቅ ያለበት ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ፣ በአኳሪየም ውስጥ ከሞቱ ዓሦች ተለይቶ ታወቀ። በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1951 በስዊድን፣ በመዋኛ ገንዳ በቆሰሉ ሰዎች ላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ዘመድ ነው፤ ሦስቱም የአንድ ወገን ናቸው። በጨው ውሃም ጨው በሌለው ውሃም ይኖራል። የሚመቸው ሙቀት ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን በ37 ዲግሪ በደንብ አያድግም። ስለዚህ ወደ ሰውነት ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ ብዙም አይሄድም፤ ቀዝቀዝ ባሉት በጣት፣ በመዳፍ ጀርባና በክንድ ይቀመጣል። የደጋ ኩሬ ለዚህ ባክቴሪያ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን በደጋ ቤት ውስጥ ያለ የቆላ ወይም የባሕር ዓሣ ገንዳ ቀን ከሌት በማሞቂያ ይሞቃል፤ ጫጩት የሚፈለፈልበት ገንዳም እንዲሁ። በብርድ አገር ለባክቴሪያው የሚስማማውን ቦታ ሰው ራሱ ያዘጋጅለታል ማለት ነው።

በሽታው በዝግታ ይመጣል። ጣት ወይም የእጅ ጀርባ ከተቧጠጠ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ብዙ ወራት ቆይቶ ቀላ ወይም ወየብ ያለ ጠንካራ እብጠት ይወጣል። ብዙም አያምም፤ ትኩሳትም የለውም። ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ይፈነዳል፤ ቁስል ይሆናል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከጣት ተነሥቶ በክንድ ሽቅብ በመስመር እየተከታተለ እብጠት ያወጣል። ችላ ከተባለ ወደ ጅማት፣ ወደ መገጣጠሚያና ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ ያኔ ጣት የማጠፍና የመዘርጋት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ታማሚውን ማግለል አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ ይህን በሽታ ለመለየት የሚያስቸግሩ ምክንያቶች አሉ። የቆዳ ነቀርሳ አለ፤ በደጋው ቁንጭር አለ፤ የፈንገስ ቁስልም አለ። ሁሉም በዝግታ የሚያድግ፣ እምብዛም የማያም ቁስል ሊሆኑ ይችላሉ። ለነቀርሳ የሚደረገው የቆዳ ምርመራም በዓሣው ባክቴሪያ ምክንያት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ይለያያል። ኢሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ የተባሉት ዋና የነቀርሳ መድኃኒቶች ማሪነምን አያሸንፉትም፤ የሚያድኑት እንደ ክላሪትሮማይሲን፣ ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል ያሉት ናቸው፤ እነሱም ለብዙ ወራት፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ወር ተጨምሮ ይወሰዳሉ። ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመርም ባለሙያው በ30 ዲግሪ ገደማ እንዲያሳድገው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ እንደ ተለመደው በ37 ዲግሪ ብቻ ከተቀመጠ ባክቴሪያው ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ለሐኪሙ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ዓሣ ባለበት ውሃ እሠራለሁ» የሚለው፣ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ሐኪሙ ካልጠየቀው ታማሚው ራሱ ሊናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የረጅም ጊዜ ልምድ ያካበተ ተቋም ነው፤ ለሰበታም፣ ለቡራዩም፣ ለሱሉልታም ሩቅ አይደለም።

ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ከማሪነም የሚለዩት በፍጥነታቸው ነው። ኤሪሲፔሎትሪክስ የተባለው በዓሣና በሥጋ ሠራተኞች እጅ ላይ ይታወቃል፤ እሾህ ከወጋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጣቱ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቅላት ይዞ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ያማል። በፔኒሲሊን ይድናል። ስትሬፕቶኮከስ ኢኒኤ ከቆሮሶ ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በካናዳ ቶሮንቶ ትኩስ ቆሮሶ ሲያሰናዱ እጃቸው የተወጋ ሰዎች በአንድ ቀን ውስጥ የሚሰፋ የእጅ ቅላትና ትኩሳት ይዘው ሆስፒታል ገብተዋል። በሰበታ ኩሬዎችም በዝዋይ ገበያም ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ስለሆነ ይህ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ቅርብ ትምህርት ነው። ኤሮሞናስ ጨው በሌለው ውሃ፣ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ደግሞ በሞቃት ጨዋማ ውሃ ይገኛሉ። ሁለቱም ቁስልን በሰዓታት ውስጥ ሊያከፉ ይችላሉ። ቪብሪዮ በተለይ ጉበቱ የታመመን፣ ስኳር ያለበትንና የሰውነት መከላከያው የደከመን ሰው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ገንዳ የማጽዳት ሥራውን ለሌላ ቢያስረክብ ይመረጣል።

ጨው በሌለው ውሃ ኩሬ ላይ ቢልሃርዚያም ይታሰባል። የበሽታው ጥገኛ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይዋኝና ባልተቆረጠ ቆዳም ያልፋል፤ ቁስል አይፈልግም። በኢትዮጵያ በብዛት የሚተላለፈው ከሰበታና ከሱሉልታ ዝቅ ባሉ፣ ሞቅ ባሉ አካባቢዎች ነው። ነገር ግን የዓሣ ሠራተኛ ይዘዋወራል፤ ጫጩት ለማድረስ ወይም መረብ ለመጣል ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ወደ ጣና ይወርዳል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች በወንዙ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ለዓሣ አርቢ ግን የነገሩ ሌላው ገጽ አለ፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ኩሬ እንዶድ አይጨመርም፤ ልብስ በእንዶድ ያጠበ እጅም በደንብ ሳይለቀለቅ ወደ ገንዳ አይገባም። ሰውን ከጥገኛው የሚጠብቀው ረጅም ጓንትና እስከ ወገብ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ሱሪ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እንስሳቱ ራሳቸው ናቸው። ቆሮሶ በጀርባው ክንፍ ላይ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ያህል ሹል እሾሆች አሉት፤ ሲደነግጥ ያቆማቸዋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ያዳልጣል፤ በደረቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ሥር ግን ጠንካራ እሾህ አለው፤ እንደ ቆመ ሊይዙት ሲሞክሩ መዳፍ ይበሳል። ሁለቱም የሚያደርሱት ዋና ጉዳት ወግተው ባክቴሪያ ማስገባታቸው ነው። ዓሣን በባዶ እጅ ከመጨበጥ በመረብ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መያዝ እጅንም ይጠብቃል፣ የዓሣውን ልጋግም አይገፍም።

ጨዋማው ገንዳ ግን መርዝ ያላቸውን ያስተናግዳል። የቀይ ባሕር ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ፣ ክንፉ እንደ ተንዠረገገ የሚንሳፈፈው ባለ መስመር ዓሣ፣ በጀርባው፣ በሆዱና በጅራቱ ሥር ባሉ አሥራ ስምንት እሾሆች መርዝ ይወጋል። ሕመሙ ከባድ ነው፤ እጅ ያብጣል፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሽና ማዞር ይከተላል። በዚያው ባሕር የሚኖረው ስቶንፊሽ ከእሱም ይከፋል። ሰርጀንፊሽ በጅራቱ ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አለው። ረጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ብሪስል ዎርም የተባለው ትል በድንጋይ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ጸጉሩ ከጣት ላይ ተሰክቶ ለቀናት ያሳክካል። ኮን የሚባለው ውብ ቀንድ አውጣ መርዛማ ጥርሱን አስወንጭፎ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ በጨዋማ ገንዳ ውስጥ ዓይን ያላየውን ቦታ እጅ አይነካውም፤ ድንጋይ ሲነሣ ከሥሩ ምን እንዳለ አስቀድሞ ይታያል፣ ላየንፊሽ ያለበት ገንዳም ሲጸዳ ዓሣው በመከለያ ተለይቶ ይቆያል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን እንስሳ የማይመስለው ነው። ፓሊቶአ ወይም ዞአንቲድ የሚባሉት፣ ድንጋይ ላይ አበባ መስለው የሚበቅሉ ፍጥረታት አንዳንድ ዝርያዎቻቸው ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛሉ። መርዙ በመጀመሪያ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ከሃዋይ ባሕር ነው፤ ከባሕር ከሚገኙ መርዞች እጅግ ከባዶቹ አንዱ ነው። በተቆረጠ ቆዳ፣ በዓይንና በመተንፈሻ ይገባል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ፍጥረታት ከድንጋይ ላይ ሲፍቅ፣ ሲቆርጥ ወይም ድንጋዩን ለማጽዳት ሲያፈላ ነው። መርዙ በመፍላት አይጠፋም፤ በእንፋሎቱ ቤቱን ይሞላል። በአሜሪካ አላስካ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከእነዚህ ፍጥረታት ጋር በተያያዘ በአኳሪየም ሱቅና በመኖሪያ ቤት የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ይዟቸዋል። ከባሕር የመጣ ድንጋይ በፍጹም አይፈላም፤ በጋለ ውሃ አይታጠብም። ፓሊቶአን መንካት ግድ ከሆነ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ጭምብል ይደረጋል፤ ሥራውም ድንጋዩ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ መብራትና አየር መንፊያ ሁሉም በውሃ አጠገብ ወይም በውሃ ውስጥ በ220 ቮልት ይሠራሉ። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከቧንቧ ውሃ በብዙ እጥፍ ይልቃል። የማሞቂያው መስታወት ቢሰነጠቅ ወይም የፓምፑ ገመድ ቢላጥ ውሃው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ እጁን የሚያስገባው ሰው መንገድ ይሆነዋል። በቆጣሪው አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር ገመድ እንዳይቃጠል ነው የሚጠብቀው፤ ሰውን ለማዳን በጣም ዘግይቶ ይዘጋል። ሰውን የሚያድነው 30 ሚሊአምፔር ያህል ወደ መሬት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጠው መከላከያ ብሬከር ነው፤ ለገንዳ መስመር ሊገጠም ይገባል። የመሬት ሽቦም በትክክል መገናኘቱ በባለሙያ ይረጋገጣል።

በእነዚህ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መብራት ይጠፋል፣ ሳይታሰብም ይመጣል። መብራት በጠፋበት ሰዓት «አሁን ኤሌክትሪክ የለም» ብሎ እጅን ገንዳ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ መብራት ኖረም ጠፋም እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት የመሣሪያው ሶኬት ይነቀላል። ማሞቂያ ከተነቀለ በኋላም ከውሃ ከመውጣቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዘቅዛል፤ እንደ ጋለ ቢወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ እጅንም ያቃጥላል። ማከፋፈያው መሬት ላይ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ይደረጋል፤ በገመዱ የሚንጠባጠብ ውሃ ከታጠፈበት ዝቅተኛ ቦታ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ጨው ደርቆ ነጭ የሆነበት ሶኬት ተነቅሎ ይጸዳል ወይም ይቀየራል።

አራተኛው ኬሚካል ነው። በኩሬ ሥራ ኖራ ይበተናል፤ ያልበረደ ኖራ እርጥብ እጅ ሲነካ ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። በጨዋማ ገንዳ ካልሲየም ለመጨመር የሚቀላቀለው የኖራ ውሃም ኃይሉ ከዚያ አይርቅም። ፎርማሊን የታመመ ዓሣ ለማከምና ናሙና ለማቆየት ያገለግላል፤ ቆዳን ያደርቃል፣ አለርጂ ያመጣል፣ ለረጅም ጊዜ መተንፈሱም ለካንሰር ያጋልጣል። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት እጅን ቡናማ ያደርጋል፣ ሲበዛም ያቃጥላል። ቆሮሶ ሁሉ ወንድ እንዲሆን ለጫጩት በመኖ የሚሰጠው ሆርሞን በቆዳ ሊያልፍ ስለሚችል በባዶ እጅ አይቀላቀልም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ከዚህ ሥራ ትርቃለች። መስታወት ላይ የደረቀን ጨው ለማስለቀቅ አሲድ የሚጠቀም ሰው አሲዱን ወደ ውሃ ይጨምራል፤ ውሃን ወደ አሲድ መጨመር አሲዱን ያፈናጥራል። በረኪና ከአሲድ ጋር አይገናኝም፤ ከተገናኘ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

እነዚህ ሁሉ ሲታሰቡ ጓንት የመጀመሪያው መከላከያ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ጓንት ለሁሉም አይበቃም። የሕክምና ቀጭን ጓንት ለአጭር ሥራ፣ ኬሚካል ለመመጠንና የሞተ ዓሣ ለማንሣት ይበቃል። ከቀጭኖቹ ናይትሪል ይመረጣል፤ የላቴክስ ጓንት በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል፣ ዱቄት የተነሰነሰበትም ውሃውን ያበላሻል። ለገንዳ ጽዳት የሚበጀው እስከ ብብት የሚደርስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ነው። አጭር የወጥ ቤት ጓንት ከክርን በታች ላለ ውሃ ብቻ ያገለግላል፤ ውሃ በአፉ ከገባበት ባክቴሪያውን ከእርጥብ ቆዳ ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ ከባዶ እጅ አይሻልም። እሾህ ላለው ዓሣና ለሹል ድንጋይ ከላስቲኩ ሥር መቆረጥን የሚቋቋም የተሸመነ ጓንት ይደረባል። የላየንፊሽን እሾህ ግን የትኛውም ጓንት በእርግጠኝነት አያቆመውም፤ ከእሱ የሚያድነው ርቀትና መረብ ነው። ጓንት ከኤሌክትሪክ ያድናል ብሎም መተማመን አይገባም። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጓንቱን በአየር ነፍቶ አፉን ይዞ መጫን ቀዳዳ ካለው ያሳያል። ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ተገልብጦ በጥላ ይደርቃል። የአንዱ ገንዳ ጓንት ለሌላው አይውልም፤ በሽታ ከገንዳ ወደ ገንዳ ያሻግራልና።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ይወልቃሉ። እጅ በብርሃን ይመረመራል፤ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው በዚያ ቀን ውሃ ውስጥ እጁን አያስገባም፤ ግድ ከሆነበት ቁስሉን ውሃ በማያሳልፍ ፋሻ ሸፍኖ ረጅም ጓንት ያደርጋል። እጅ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ቅባት፣ ሽቶ፣ የሳሙና ቅሪትና ከሁሉ በላይ የተባይ ማጥፊያ ለዓሣ መርዝ ናቸው። ከገፈርሳም ሆነ ከሌላ ግድብ የመጣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በሮቶ ወይም በበርሜል አድሮ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ተጨምሮበት ነው ወደ ገንዳ የሚገባው፤ ክሎሪን ለዓሣው መተንፈሻ ጎጂ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ፣ ሁለት መቶ ሊትር ገንዳም ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ገንዳ ውሃ እንዳለው አይነሣም፤ የመስታወቱ ጠርዝ ጣት ይቆርጣል፣ ክብደቱም ይጨፈልቃል።

ሥራው እየተሠራ ሳለ እጅ ወደ አፍ፣ ወደ ዓይንና ወደ ምግብ አይሄድም። ውሃ በጎማ ለመሳብ በአፍ መምጠጥ ጉዳት የሌለበት ልማድ ቢመስልም የገንዳውን ባክቴሪያ መዋጥ ነው፤ ጎማውን አስቀድሞ ውሃ መሙላት ወይም የእጅ ፓምፕ መጠቀም ይቻላል። ባልዲው፣ ስፖንጁና መፋቂያው ለገንዳው ብቻ ይሆናሉ። የገንዳ ውሃ የሚደፋው ሰሃንና ኩባያ በሚታጠብበት ቦታ አይደለም። ልጆች የሞተ ዓሣ እንዳይነኩ ይጠበቃሉ፤ ዓሣ እየከሳ፣ ጀርባው እየጎበጠና እየቆሰለ በተከታታይ የሚሞት ከሆነ የማሪነም ጥርጣሬ አለና ገንዳው ያለ ጓንት አይነካም። መሣሪያን ለማጽዳት 70 ከመቶ አልኮል ማሪነምን በደቂቃዎች ይገድለዋል፤ በውሃ የቀጠነ በረኪና ግን በቀላሉ አይበግረውም። ሥራው እንዳለቀ እጅና ክንድ በሚፈስ ውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ቅባት ይቀባሉ፣ ለቀጣዩ ቀን ስንጥቅ እንዳይኖር።

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ጉዳት ቢደርስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። የተቆረጠ ወይም የተወጋ እጅ ወዲያው ይደማ ዘንድ ተትቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ለአምስት ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ የቀረ እሾህ በንጹሕ ወረንጦ ይወጣል፤ ወደ መገጣጠሚያ የገባ እሾህ ግን በቤት አይቆፈርም፣ ለሐኪም ይተዋል። በላየንፊሽ ወይም በሌላ መርዘኛ ዓሣ የተወጋ እጅ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ይነከራል፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። የተወጋው እጅ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሙቀቱ የሚፈተነው በጤናማው እጅ ነው። የብሪስል ዎርም ጸጉር በሚለጠፍ ፕላስተር እየተነቀለ ይወጣል። ኬሚካል የነካው ቆዳ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ደረቅ ኖራ ከሆነ አስቀድሞ ይራገፋል። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው በእጅ አይጎተትም፤ በመጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጣል።

የቴታነስ ክትባት ለዓሣ ሠራተኛ ግዴታ ሊባል የሚገባው ነው። ክትባቱ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል፤ ቁስሉ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ከሆነ የመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈው ይደገማል። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይከተባሉ፤ አዋቂ ወንዶች ግን ብዙውን ጊዜ ማንም ስለማያስታውሳቸው ራሳቸው ጤና ጣቢያ ሄደው መጠየቅ አለባቸው። አሠሪም ሠራተኛውን ከመቅጠሩ ጋር ክትባቱንና ጓንቱን ማቅረብ ይገባዋል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ወዲያው የሚኬደው ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ሲሰፋ፣ በክንድ ላይ ቀይ መስመር ሲወጣ፣ ቁስሉ ውሃ ቋጥሮ ሲጠቁር፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲከተል ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚኬደው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም የማያም እብጠት በጣት ወይም በእጅ ላይ ሲታይ ነው፤ ጭረቱ የደረሰበት ቀን ከተረሳ ወራት ቢያልፉም። በሁለቱም ጊዜ ሠራተኛው የሚናገረው አራት ነገር ነው፦ ከዓሣ ውሃ ጋር እንደሚሠራ፣ ውሃው ጨዋማ መሆኑን ወይም አለመሆኑን፣ ምን እንደወጋው ወይም እንደቆረጠው፣ እና መቼ እንደሆነ። የተጀመረ መድኃኒትም ቁስሉ ስለ ደረቀ ብቻ አይቋረጥም፤ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ ይወሰዳል።